ለሌለ ሥጋ የተሰጠ መድኃኒት

ውድ ውብነሽ፣

ጎፋ ሩቲ ቤት ከሄድሽ ወዲህ ስልክሽን አታነሺም። ሩቲ ስታነሳልኝ ደግሞ «ተኝታለች አባዬ» ትለኛለች። ሰው ቀኑን ሙሉ እንደማይተኛ ልጃችንም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ግን አልከራከራትም። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ውስጥ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳረቅቅና ቁጥር ስሰጥ ኖሬ፣ ለአንቺ አንድም ቀን ጽፌልሽ አላውቅም። ምን ብዬ እጽፋለሁ፣ ሁልጊዜ እቤት አገኝሽ ነበር። እጄ ሌላ አጻጻፍ ስለማያውቅ መጀመሪያ «ጉዳዩ፦» ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

ጉዳዩን ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ተናደሽ መሃል ላይ ብትጥዪው እንኳ እሱን አውቀሽ ትጥዪው። ዶክተር ሶሬቲ ሰኞ ጠዋት ትጠብቅሻለች። የቀረሽ ሁለት ዙር መድኃኒት ነው። መጠኑን በትክክለኛው ክብደትሽ አስተካክላ ልትሰጥሽ ትፈልጋለች። ከዚህ በላይ ከዘገየ ግን እስካሁን የተሠቃየሽበት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል ብላኛለች። ሩቲ ደግሞ «እማዬ ሁለተኛ ሚዛን ላይ አልወጣም ብላለች» አለችኝ። ሚዛን ላይ ካልወጣሽ መድኃኒቱን አይሰጡሽም፣ መድኃኒቱ ከቀረ ደግሞ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን። የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

ልቆጣሽ አይደለም። ለመቆጣትም አቅም የለኝም፤ ደክሞኛል ውብነሽ። ካንሰር ነው ከተባልንበት ቀን ጀምሮ ያለው ድካም ተጠራቅሞ አሁን ነው የመጣብኝ። አንቺ እዚህ እያለሽ መድከሜን የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ጠዋት እነሳና አንዱን ጫማዬን አጥልቄ ሌላውን በእጄ ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። የምሄድበት የለም። ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት መዞር የለም፣ ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከረዳት ጋር መጨቃጨቅ የለም፣ «እንዴት አደረች?» ለሚለኝ ሁሉ ያንኑ መልስ መስጠት የለም። ይህ ሁሉ ቀርቶ ማረፍ ሲገባኝ እንቅልፍ እንኳ በቅጡ አይወስደኝም። ቤቱ ሰፍቶብኛል።

የጠያቂውን ነገር ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። አንዷ ትመጣና «ቅቤ አስበልታችሁ ሥጋ ታውጣ እንጂ» ትላለች። እሷ ሳትወጣ ሌላዋ ትገባና «ስብ የሚባል ነገር እንዳታስነኳት፣ ካንሰሩ የሚበላው እሱን ነው» ትላለች። የሩቲ ባል ኤልዳድ ከስልኩ አንብቦ ሁለተኛዋን ደገፈ። እኔ ማንን እንደምደግፍ ግራ ገብቶኝ ቁጭ ባልኩበት፣ የቅቤ ነጋዴዋ ቤት ቅቤ ጠፋ። ስንት ዓመት መካኒሳ ገበያ ቁጭ ብለሽ ለሰፈሩ ሁሉ ቅቤ ስትመዝኚ ኖረሽ፣ የራስሽ ሽሮ ግን በዘይት ብቻ መሠራት ጀመረ። ምንም ሳትዪ የበላሽው መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን አልበላሽውም፤ ሳህኑን ነካክተሽ ነበር የምትመልሺው።

ፊትሽ ደግሞ አታለለን። ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጡሽ ኪኒን ፊትሽን ስለነፋው፣ ያየሽ ሁሉ «ውይ ውብዬ፣ እንዲያውም ወፍረሻል!» ይልሽ ነበር። ደስ ሲልሽ አይ ነበር። እኛ ሰፈር ሰው ከሳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የከሳ ሰው ላይ ቶሎ ይፈረድበታል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ቀጣዩ እሱ ነው የሚሉ ይመስል ይጠቋቆሙበታል። አንቺ ደግሞ በውፍረትሽ የታወቅሽ ሴት ነሽ። አጠገብሽ በርበሬ የሚሸጠውን አብዶን «ቅቤ ነጋዴ ከሳ ማለት ቅቤው ተጠረጠረ ማለት ነው» እያልሽ ታስቂው ነበር። ለእኛ ቀልድ ነበር፤ ለአንቺ ግን የእንጀራሽ ጉዳይ እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

ገላሽንማ ማን አየው? ከቀዶ ጥገናው ከወጣሽ ጀምሮ እኔ ፊት ልብስ ቀይረሽ አታውቂም። መታጠቢያ ቤት ትገቢና ከውስጥ ትቆልፊያለሽ። እኔም እንድታርፊ ብዬ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመርኩ። ማንም አላባረረኝም፣ ማንም ደግሞ ተመለስ አላለኝም። አንድ ቀን ጀርባሽን ቅባት ልቀባልሽ ስልሽ «ተወው፣ ሩቲ ስትመጣ ትቀባኛለች» አልሽኝ። ሩቲን ደግሞ «አባትሽ ቀብቶኛል» ትያት ነበር ለካ። እኔ እሷ የምታይሽ ይመስለኛል፣ እሷ እኔ የማይሽ ይመስላታል፤ በመሃል አንቺን ያየሽ ሰው አልነበረም።

ፅጌረዳ ደግሞ አለች። ከጎን ወንበር ላይ ሆና፣ መድኃኒቱ በክንዷ እየገባ ሁሉን ታስቅ የነበረችው ፅጌረዳ። እኔን እንኳ ስታየኝ «ይኸው የመዝገብ ቤቱ ሹም መጣ፣ ቁጥር ስጠን!» ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ስናውቃት ካንቺ አታንስም ነበር፤ ከዙር ዙር እየሟሸሸች መጣች። አንድ ቀን ዛሬ መድኃኒት አትወስጂም ብለው መለሷት። በር ላይ አግኝታሽ «ከስተሻል ብለው ከለከሉኝ» አለችሽ። እኔ ያኔ ፋርማሲ መስኮት ላይ ተሰልፌ ስለነበር አልሰማሁም፤ ሩቲ ናት አሁን የነገረችኝ። የመለሷት የደም ሴሏ ወርዶ፣ እስኪያገግም ድረስ ብለው መሆኑን ዶክተር ሶሬቲ አሁን ነግራኛለች። ፅጌረዳ የሰማችው ግን ከስተሻል የሚለውን ነው፣ ለአንቺም የነገረችሽ ያንኑ ነው። ከዚያ ሳትመለስ ሞተች። ከለቅሶዋ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ሐዘን መሰለኝ። አንቺ ግን ለራስሽ መላ እየፈለግሽ ነበር።

ሆስፒታል ስንሄድ የምይዝልሽ ዘንቢል የከበደው ከዚያ በኋላ ነው። «ምን ጭነሽበት ነው?» ስልሽ «ውሃና ምሳ ነው፣ ዝም ብለህ ያዝ የሩቲ አባት» ትዪኛለሽ። እኔ የዋሁ ወገቤን ይዤ እያጉረመረምኩ ከመካኒሳ አቦ ሀይሌ ጋርመንት፣ ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ ተሸክሜው እሄዳለሁ። ሀይሌ ጋርመንት ስንደርስ «ቆይ ሙዝ ልግዛ» ብለሽ ከእኔ ትለዪያለሽ። እዚያ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጠው ሰውዬ ባለፈው ሲያየኝ «እናት ደህና ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከየት ታውቃታለህ ስለው ነገረኝ፤ ትወጪበታለሽ፣ ስንት ሆነ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ፣ ከዚያ ፀጥ ብለሽ ትወርጃለሽ። የጎደለው ስንት እንደሆነ አውቀሽ ወደ እኔ ትመጪያለሽ፤ ሙዙንም ይዘሽ።

ሆስፒታል ስንደርስ ደግሞ ሽንት ቤት ትገቢያለሽ፣ ዘንቢሉን በበሩ የማቀብልሽ እኔው ነኝ። ያንን ረጅም መቀነትሽን ደራርበሽ ታጥቀሽ፣ በየእጥፋቱ ቅቤ የምትመዝኚባቸውን የብረት የሚዛን ድንጋዮች ታስሪያለሽ። በሱ ላይ ሰፊው ቀሚስ፣ በቀሚሱ ላይ ጋቢ። ስኒ ማንሳት ያቃተሽ ሴት ያን ሁሉ ብረት ታጥቀሽ ቆመሽ ሄደሽ ሚዛን ላይ ትወጫለሽ። ነርሷ የመጀመሪያውን ቀን የመሰለ ክብደት ትጽፋለች። «ጎበዝ፣ ምንም አልቀነሱም» ትልሻለች። እኔ ከጎን ሆኜ እኮራለሁ።

ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አድርገሽ አታውቂም። ገበያው ውስጥ ሚዛን ከሚያሳንሱት ጋር ተጣልተሽ ስንቱን አኩርፈሽ እንደኖርሽ እኔ ምስክር ነኝ። አሁን ከሁሉ የሚያቃጥልሽ ይኸው መሆኑን አውቃለሁ።

ነገሩ የታወቀበት ያ ቀን ምን እንደሆነ ለእኔ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅኩሽም። ግን እዚያው ነበርኩ፤ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ዶክተር ሶሬቲ ከመመዘንሽ በፊት ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችንና የሆስፒታሉን ስስ ልብስ ሰጠችሽ። ዛሬ በዚህ ብቻ እንመዝንዎት አለችሽ። ብርድ አለኝ አልሽ። ማሞቂያ አለ አለችሽ። ወገቤን ያመኛል፣ መጎንበስ አልችልም አልሽ። ነርሷ ልርዳዎት ብላ ቀረበችና ጋቢውን ከትከሻሽ አነሳች። እጇን ስትገፊ የመቀነቱ ጫፍ ተፈታ። የብረቱን ድምፅ መቼም አልረሳውም። አንዱ ከወለሉ ላይ ነጥሮ፣ ገርበብ ባለው በር ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እግር ሥር ሄደ። እዚያ ከተቀመጡት አንዷ ገበያ የምታውቂያት ሽንኩርት ሻጭ እንደነበረች ያወቅኩት ኋላ ነው።

ቀሚሱ ሰፍቶሽ፣ በውስጡ ትከሻሽ እንደ ልጅ ትከሻ ሆኖ አየሁት። ዓይኔን የት ላድርገው። አንቺ መሬት መሬት እያየሽ «ካነስኩ መድኃኒቱን ታቆሙብኛላችሁ ብዬ ነው» አልሽ። ዶክተር ሶሬቲ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ቁጢጥ ብላ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ ከዚያ ወንበር ስባ ጉልበትሽ አጠገብ ተቀመጠችና ክንድሽን ያዘች።

«እማማ፣ እኛ እኮ ለሌለ ሥጋ መድኃኒት ስንሰጥ ነው የከረምነው» አለችሽ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሽም። ጋቢሽን መልሰሽ ተከናንበሽ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ነበር። ስለዚህ እኔ የሰማሁትን እደግምልሻለሁ፤ ከተሳሳትኩ ሰኞ እሷን ጠይቂያት።

ኬሞ የሚሉት ያ መድኃኒትሽ የሚለካው በሰውየው ክብደትና ቁመት ነው። አንቺ ስትቀንሺ እሱም አብሮ መቀነስ ነበረበት። አልቀነሰም። በዚህ ላይ እየከሳሽና ምግብ እየተውሽ ስለነበር፣ ሰውነትሽ ትክክለኛውን መጠን እንኳ ለመሸከም ይቸግረው ነበር። አፍሽ እስከ ጉሮሮሽ ቆስሎ ውሃ መዋጥ ያቃተሽ፣ ትኩሳት ይዞሽ ሆስፒታል የተኛሽበት ጊዜ ትዝ ይልሻል? በሽታው አሸነፈ ብለን ነበር። «አቦ እንዳትቀብረኝ፣ እናቴ ጋ ውሰደኝ» ብለሽኝ ነበር። ዶክተር ሶሬቲ ሁሉንም አላውቅም፣ ግን ብዙው ከመድኃኒቱ መብዛት የመጣ ሳይሆን አይቀርም ትላለች። የተነሳሽው ሲቲ ስካን በሽታው ወደ ሌላ ቦታ እንዳልሄደ ያሳያል። ደግሜ ልጻፍልሽ፦ አልሄደም። ይህን ስሰማ መዝለል ነበረብኝ። እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩና ከዚያ ወንበር ለመንኩ።

እንዴት ደረሱበት ብለሽ ሳታስቢ አትቀሪም። ያሳጣሽ ሰው የለም፤ ያሳጣሽ ስብሽ ነው። በየዙሩ አንድ ብልቃጥ ደም ለጥናት ብለው ሲቀዱሽ «ደሜን ጨረሱት» እያልሽ ታጉረመርሚ የነበረው ትዝ ይልሻል? ጥናቱ ከስብ ስለሚወጡ ሆርሞኖች ነው። እኔ ስብ ማለት እንደ ቅቤሽ ዕቃው ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ስብ ይሠራል፤ ሆርሞን እያመረተ ወደ ደም ይለቅቃል። ሌፕቲን የሚባለው አንዱ፣ ጎተራው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ለአንጎል የሚናገር ነው። ስቡ ሲበዛ እሱም ይበዛል፣ ስቡ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። አዲፖኔክቲን የሚባል ሌላም አለ፤ እሱ ብዙ ጊዜ የዚህን ተቃራኒ ይሄዳል አለችኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይኼ ነው፦ ሚዛኑ ያው ነሽ እያለ፣ ደምሽ ውስጥ ያለው ሌፕቲን ግን ከዙር ዙር ይወርዳል። መጀመሪያ ላቦራቶሪው የሌላ ሰው ደም ከአንቺ ጋር የቀላቀለ መስሏት እንደገና አሠራችው። ያው ሆነ። ያኔ ነው ልብስሽን እንድትቀይሪ የጠየቀችሽ። ሚዛኑ ላይ ብረት ጨመርሽ፣ ደምሽ ላይ ግን ምን ትጨምሪበታለሽ?

እኔም በመጨረሻ ሁሉም ሰው የሚጠይቃትን ጠየቅኋት፤ ታዲያ ቅቤ ትብላ ወይስ አትብላ? ሳቀች፣ እሷም ደክሟት ነበር መሰለኝ። ስቡ ለበሽታው ያግዝ ይሆን ወይስ ለበሽተኛው፣ ሆርሞኖቹ የበሽተኛውን ዕድሜ ያሳጥሩ ይሆን ወይስ ያረዝሙ፣ ገና እያጠናን ነው አለች። ውፍረት ለካንሰር መነሻ ሊሆን ይችላል ተብሎ የተጻፈ አለ፣ በሕክምና ላይ ሆነው የሚከሱ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ ተብሎ የተጻፈም አለ፤ ሁለቱም ውሸት አይደሉም። «ለእማማ ግን አሁን የምለው አንድ ነው፤ ያላቸውን አይጣሉ፣ የሚወዱትን ይብሉ» አለችኝ። ኤልዳድም ሊወስደን መጥቶ ስለነበር እዚያው ሆኖ ሰምቷል። በነጋታው ራሱ ገበያ ሄዶ ከአብዶ ጠይቆ ለጋ ቅቤ ገዝቶልሻል። አንቺ ማን እንዳመጣው ሳትጠይቂ መልሰሽዋል አሉ።

የገበያውን ነገር ዋሽቼ አላጽናናሽም። ወሬው ደርሷል። አንዳንዱ ስቋል፣ አንዷም «ቅቤዋንስ እንዴት መዝናልን ይሆን» ብላለች። እኔ ድንጋዮቹን በፌስታል ይዤ ወደ መደብሽ ስሄድ ሰው ዞር እያለ ያየኝ ነበር። ለአብዶ ሰጠሁት። ፌስታሉን ከፍቶ አያቸው። ከዚያ እዚያው ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጎ «ሚዛን የሚያጭበረብር ሰው ትርፉን ወደ ራሱ ነው የሚያደርገው። እሷ ምን ተረፋት?» አለ። ሁሉም አፍረው ዝም አሉ ልልሽ አልችልም፤ ግን መደብሽ አልተነካም፣ ደንበኞችሽም መቼ ትመጣለች እያሉ ይጠይቁኛል። እውነቱ ይኸው ነው፣ ከዚህ የበለጠ አላሳመርኩትም።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በትኩሳቱ ጊዜ፣ ከሆስፒታል ወጥቼ አቦ ደጅ ቆሜ «ወይ ማርልኝ ወይ አሳርፍልኝ» ብዬ ጸለይኩ። ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ እንደሚጸልይ አውቃለሁ። ግን አሳርፍልኝ ስል ያሰብኩት አንቺን ብቻ አልነበረም። ማረፍ የፈለግኩት እኔም ነበርኩ። ያን ያህል ደክሞኝ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ ይቅር በዪኝ ለማለት አይደለም፤ ደክሞኝም አሁን እየጻፍኩልሽ መሆኑን እንድታውቂ ነው። ሰው ሳይደክመው ኑሪልኝ ቢል ቀላል ነው። እኔ ደክሞኝ፣ ጉልበቴን እያመመኝ፣ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ትኩሳት፣ ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ሊኖር እንደሚችል እያወቅኩ ነው ኑሪልኝ የምልሽ።

ትናንት ሩቲ መጥታ ነበር። ልብስሽን ልትወስድ ነው የመጣችው። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሰፋፊዎቹን ቀሚሶች እያየች ቆመችና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ አንቺ ያልሻትን ነገረችኝ። «አባትሽ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሲያየኝ ዓይኑን ይመልሳል። ሚዛኑም እሱም አንድ ናቸው፤ የሚያዩት የጎደለውን ነው» ብለሻታል።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እውነት ነው፣ እመልስ ነበር። አንቺ እንዳይሽ የማትፈልጊ መስሎኝ ነበር የምመልሰው። በሩን ስትቆልፊ ሰማሁ፣ ስለዚህ ልጠብቅ አልኩ። አንቺ ደግሞ ማየት የማልፈልግ መስሎሽ ቆለፍሽ። በዚህ ሁኔታ አንድ ቤት ውስጥ ከርመን፣ መክሳትሽን ከእኔ በፊት ያወቀው ላቦራቶሪ ሆነ። አጠገብሽ የተኛሁ ቢሆን ኖሮ እጄ ይነግረኝ ነበር። ይኼ ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል፣ ከድንጋዮቹም በላይ።

ሰኞ ጠዋት ጎፋ እመጣለሁ። የሩቲን ደረጃ እየረገምኩ እወጣዋለሁ። ዶክተር ሶሬቲን ለምኛታለሁ፤ በሩን ዘግታ፣ እሷና እኔ ብቻ ባለንበት ትመዝንሻለች፣ ኮሪደር ላይ ማንም አይሰማም። እንቢ ካልሽ ጎትቼ አልወስድሽም፤ ዕድሜያችን ለጉተታ አይሆንም። ደክሞኛል፣ በቃኝ ካልሽኝ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ፣ ምክንያቱም ድካምን አውቀዋለሁ። አፍሬ ነው ካልሽኝ ግን አልሰማሽም። ለመኖር ብሎ ያን ሁሉ ብረት የታጠቀ ሰው በቃኝ ሊል አይችልም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ መሞት የሚፈልግ ሰው ይህን አያደርግም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ከመውጣታችን በፊት ሩቲን ወደ ሳሎን እንላካትና ልብስሽን እኔ ላልብስሽ። ጠባሳውን ልየው፣ ጎንሽን ልየው፣ ሰፍቶሽ የቀረውንም ቆዳ ልየው። ብዘገይ አትፍረጂብኝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ድሮም አልችልበትም። ብታለቅሺም እቀጥላለሁ፣ ባለቅስም እቀጥላለሁ፤ ዓይኔን ግን አልመልስም።

የጎደለውን ሐኪሞቹ ይመዝኑት። እኔ የምመጣው የቀረውን ልወስድ ነው።

ባልሽ ቦጋለ
ከመካኒሳ አቦ፣ ከቤታችን